ጦስኝ ዲፒፒኤችን አደበዘዘ፤ ታዲያ በሽታ ይከላከላል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በኬሚስትሪ ልጨርስ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ በጦስኝ ላይ ነው። ቅጠሉን ከጣርማ በር አካባቢ አምጥቼ በጥላ አደረቅሁት። ከዚያ በሜታኖል ዘፍዝፌ አጣራሁና ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር አስወገድሁ። አንቲኦክሲዳንትነቱን፣ ማለትም ፍሪ ራዲካልን የማጥፋት አቅሙን፣ ዲፒፒኤች በሚባል ሐምራዊ ኬሚካል ስለካው አይሲ 50ው (ግማሹን ዲፒፒኤች ለማጥፋት የሚበቃው መጠን) 21 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ሆነ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ 4.6 መጣ። ጠቅላላ ፊኖሉም ከፍ ያለ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሰምቶ ጦስኝ አሽገን እንሽጥ ይላል። ማሸጊያው ላይ ‹በላቦራቶሪ የተረጋገጠ፤ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና ካንሰርን የሚከላከል› ብለን እንጻፍ ነው የሚለው። ውጤቴ ይህን ለማለት ይበቃል? ሥራውን የሚሠራው ውህድስ የትኛው ነው? ቲሞል ነው ብዬ ልጻፍ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። የላቦራቶሪ ሥራሽ ደህና ነው። ወንድምሽ ሊጽፈው ያሰበው ነገር ግን ከዚህ ውጤት አይወጣም። ቲሞል ነው የሚለውንም አትቸኩዪበት፤ እኔ የምጠረጥረው ሌላ ውህድ ነው። አሁን ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ።

ከቫይታሚን ሲ ልጀምር። ብዙ ሰው ለማነጻጸሪያ ያህል አስቀምጦት ያልፋል። እኔ ግን የዲፒፒኤች ሠንጠረዥ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሞለኪውል ቫይታሚን ሲ ሁለት ሞለኪውል ዲፒፒኤች ያጠፋል። ኩቬት (የመለኪያው ትንሽ ብርጭቆ) ውስጥ በመጨረሻ ያለው ዲፒፒኤች 0.1 ሚሊሞላር ነው እንበል። ግማሹን ለማጥፋት 0.025 ሚሊሞላር ቫይታሚን ሲ ይበቃል። ይህን በሞለኪውሉ ክብደት፣ በ176 ስታባዢው 4.4 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ይሆናል። ያንቺ 4.6 ነው። የተጠቀምሽው የተለመደውን 0.1 ሚሊሞላር ከሆነ፣ ልኬትሽ የሚታመን ነው ማለት ነው።

በዚሁ የዲፒፒኤች መጠን 0.5 የሚል ቁጥር ብታይ እምነት አትጣዪበት። አንድ ሞለኪውል ሊያጠፋ ከሚችለው በላይ ሊያጠፋ አይችልም። 40 የሚል ብታይ ደግሞ ወይ ቫይታሚን ሲው ከተበጠበጠ ውሎ አድሮ ተበላሽቷል፣ ወይ የተጻፈው መጠን ከዲፒፒኤች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ያለው ነው። 1 ሚሊሊትር ናሙና ላይ 3 ሚሊሊትር ዲፒፒኤች ስትጨምሪ ናሙናው አራት እጥፍ ይቀጥናል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አንቺም ደብተርሽን ከፍተሽ የጦስኙ 21 ከመቀላቀሉ በፊት ያለው ነው ወይስ የመጨረሻው የሚለውን አረጋግጪ። ከቫይታሚን ሲው ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ካልያዘ ማነጻጸሩ ፈረሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሜታኖል ኤክስትራክት፣ ማለትም ሜታኖሉ ከቅጠሉ ያወጣው ነገር፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው። ያ ቀለም ራሱ ዲፒፒኤች በሚነበብበት 517 ናኖሜትር ላይ ትንሽ ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የናሙና መጠን ዲፒፒኤች ሳይገባበት፣ ሜታኖል ብቻ ጨምረሽ አንብቢና ከውጤቱ ቀንሺው። ይህን ካላደረግሽ ጦስኝሽ ከእውነቱ ደከም ብሎ ነው የሚታይሽ።

እንግዲህ ልኬቱ ትክክል ነው ብለን እንቀጥል። 21 ማለት በክብደት ሲታይ ከቫይታሚን ሲ ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ደካማ ነው ማለት ነው። ይህ ግን አያስከፋም፤ እንዲያውም ለድፍን ኤክስትራክት ጥሩ ቁጥር ነው። ቫይታሚን ሲው ንጹሕ ውህድ ነው። ያንቺ ኤክስትራክት ውስጥ ስኳሩም፣ ጨውም፣ ክሎሮፊሉም፣ ሰሙም አብሮ ተመዝኗል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ጥቂቱ ነው።

አሁን ፈተናው ራሱ ምን እንደሚለካ እንይ። ዲፒፒኤች ናይትሮጅኑ ላይ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ፍሪ ራዲካል ነው። ሌሎች ራዲካሎች ተፈጥረው ወዲያው ይጠፋሉ። እሱ ግን ጠርሙስ ውስጥ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ነው። ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ እየፈዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ማርስደን ብሎይስ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዚህ አገልግሎት ካስተዋወቀው ወዲህ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃዋል። እኛ ዘንድ በመመረቂያ ጥናት ላይ የበዛውም ለዚሁ ነው። የሚነግርሽ ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፦ በዚህ ናሙና ውስጥ ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን የሚሰጥ ነገር አለ፣ በሜታኖል ውስጥ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ሰጥቷል። በቃ። ዲፒፒኤች በማንም ሰው ደም ውስጥ የለም።

ጠቅላላ ፊኖልሽም እንዲሁ በጥንቃቄ ይነበብ። ጠቅላላ ፊኖል የሚለካበት የፎሊን ሪኤጀንት ፊኖልን ብቻ መርጦ አይሰማራም። ቫይታሚን ሲ ካገኘም ሰማያዊ ይሆናል፤ አንዳንድ ስኳሮችና ፕሮቲኖችም ያጠቁሩታል። ስለዚህ «የጋሊክ አሲድ አቻ» ብለሽ የምትጽፊው ቁጥር ግምት ነው። ደግሞም ፎሊንም ሆነ ዲፒፒኤች የሚሠሩት በኤሌክትሮን ልውውጥ ነው። ሁለቱ አብረው ከፍ ቢሉ አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነ ማለት አይደለም። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቀሽ ነው።

ወደ ውህዱ ልምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ጦስኝ ሲባል ሁሉም ሰው ቲሞልን የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉን በጣትሽ ስታሺው አፍንጫሽን የሚሞላው እሱና መንትያው ካርቫክሮል ናቸው። ሁለቱም ፊኖል ናቸው። ነገር ግን በቀለበታቸው ላይ ያለው ኦኤች (ሃይድሮጅን የሚሰጠው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) አንድ ብቻ ነው። ከዲፒፒኤች ጋር የሚገናኙትም ቀስ ብለው ነው። 30 ደቂቃ ለእነሱ አጭር ነው። በዚያ ላይ ተናኝ ናቸው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይቀንሳሉ፤ ሜታኖሉን በሮታሪ ስታስወግጂ ደግሞ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ጠርሙስሽ ውስጥ የቀረው ደረቅ ነገር እንደ ትኩስ ጦስኝ የሚሸት ይመስልሻል? ሽታው ከደከመ ቲሞሉም ደክሟል።

እኔ የምጠረጥረው ሮዝማሪኒክ አሲድን ነው። ጦስኝ ከዳማከሴ፣ ከበሶብላና ከጥብስ ቅጠል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሮዝማሪኒክ አሲድ የተለመደ ነው። ቅርጹን ወረቀት ላይ ሣይው። ሁለት ቀለበት አለው። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ኦኤች ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህ ካቴኮል የምንለው አቀማመጥ ነው። አንዱ ኦኤች ሃይድሮጅኑን ሲሰጥ ጎረቤቱ የቀረውን ራዲካል ያረጋጋዋል፤ ቀጥሎ እሱም የራሱን ይሰጣል። ስለዚህ ፈጣን ነው፤ ብዙም ይሰጣል። እንደ ቲሞል ተንኖ አይጠፋም፤ ሜታኖልም ሙቅ ውሃም ያወጣዋል። እንደ ሉቴዮሊን ያሉ ፍላቮኖይዶችም ሊያግዙት ይችላሉ።

ይህ እስካሁን ጥርጣሬ ነው፤ ማረጋገጡ ግን ያን ያህል ውድ አይደለም። ውህዶችን በሚለያይ ሲሊካ ፕሌት ላይ ኤክስትራክትሽንና ንጹሕ የሮዝማሪኒክ አሲድ ስታንዳርድ ጎን ለጎን አንጠብጥቢ። የቲሞል ስታንዳርድም ከጎናቸው ይሁን። በቶሉይን፣ በኤቲል አሲቴትና በፎርሚክ አሲድ ድብልቅ፣ በ5፣ 4 እና 1 ድርሻ አሩጪው። ከዚያ ፕሌቱን በደንብ አድርቂና 0.2 በመቶ ዲፒፒኤች በሜታኖል እርጪበት። ፕሌቱ ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል። አንቲኦክሲዳንት ያለበት ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ቢጫው ነጥብ ከሮዝማሪኒክ አሲዱ ጋር በአንድ ቁመት ከቆመ ጥሩ ፍንጭ አገኘሽ። ቲሞሉ በምን ያህል ፍጥነት ቢጫ እንደሚሆንም በዓይንሽ ታያለሽ። ፎቶ አንስተሽ ጥናትሽ ውስጥ አስገቢው። መጠኑን ለማወቅ ደግሞ ኤችፒኤልሲ የሚባለው ውህዶችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሮዝማሪኒክ አሲድ 330 ናኖሜትር አካባቢ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ቲሞልን ለማወቅ ከፈለግሽ ተናኙን ዘይት ለብቻው በእንፋሎት አውጥተሽ በጂሲ ማስ ስፔክትሮሜትር አስለኪው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ስም ላይም ተጠንቀቂ። በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፦ ታይመስ ሺምፐሪና ታይመስ ሰሩላተስ። የዘይታቸው ቅንብርም እንደ ዝርያውና እንደ በቀሉበት ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ ቲሞል ሲበዛ ሌላው ጋ ካርቫክሮል ይበዛል። ስለዚህ የለቀምሽውን ተክል አበባው ሳይረግፍ ተጭኖ የደረቀ ናሙና አዘጋጂና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኅደር) አስመዝግቢ። ቁጥሩን በጥናትሽ ውስጥ ጻፊ። ቦታውን፣ ከፍታውንና ወሩንም አትርሺ። ያለዚህ ሌላ ሰው ሥራሽን ደግሞ ሊያየው አይችልም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሐሳብ እንምጣ። የመጀመሪያው ችግር በጣም ግልጽ ነው። አንቺ የለካሽው የሜታኖል ኤክስትራክት ነው። እሱ ሊሸጥ ያሰበው ሻይ ነው። ሰው ጦስኝ የሚጠጣው በፈላ ውሃ ነው። ውሃ የሚያወጣውና ሜታኖል የሚያወጣው አንድ አይደለም። ስለ ሻይ መናገር ከፈለጋችሁ ሻዩን ለኩት። 2 ግራም ደረቅ ቅጠል በ200 ሚሊሊትር የፈላ ውሃ፣ ክዳን ገጥማችሁ፣ 10 ደቂቃ። ክዳኑ አስፈላጊ ነው፤ ቲሞሉ በእንፋሎት እንዳይሄድ። ከዚያ በአንድ ስኒ ስንት ሚሊግራም ሮዝማሪኒክ አሲድ እንዳለ ጻፊ። ከተራ ሻይ ቅጠል ጋርም በስኒ አነጻጽሪው። ለአንባቢ ይህ ቁጥር ከአይሲ 50 ይልቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ችግር ከጉሮሮ በታች ያለው ነው። ሻዩ ከተጠጣ በኋላ እነዚህ ፊኖሎች አንጀት ውስጥ በከፊል ብቻ ይገባሉ። የገባውንም አንጀትና ጉበት ወዲያው ይለውጡታል፤ ሰልፌት ወይም ግሉኩሮናይድ ይለጥፉበታል። ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በዚያው ሃይድሮጅን በሚሰጠው ኦኤች ላይ ነው። በደም ውስጥ የሚገኘው የአንድ ተክል ፊኖል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮሞላር አይበልጥም። በዚያው ደም ውስጥ ደግሞ ዩሪክ አሲድ የሚባል፣ ራሱ አንቲኦክሲዳንት የሆነ ነገር ከ200 እስከ 400 ማይክሮሞላር ሁልጊዜ አለ። ሰውነታችን በዋናነት የሚከላከለውም በራሱ ኢንዛይሞች ነው፤ እንደ ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ባሉት። አንድ ስኒ ጦስኝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ራዲካል እየለቀመ ያጸዳዋል የሚለው ሥዕል በዚህ መጠን አይሄድም። ጦስኝ አይጠቅምም እያልሁሽ አይደለም። የሚጠቅም ከሆነ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ያም በሌላ ጥናት ይታያል ነው የምልሽ።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ እንዳይመስልሽ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከፊሎቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ተሰጣቸው። ቤታ ካሮቲን የታወቀ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ የሳንባ ካንሰርን ይቀንሳል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካ 18,314 ሰዎችን ይዞ የነበረ ተመሳሳይ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ እዚያም ካንሰሩ ጨምሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች የወሰዱት መርዝ አልነበረም። ካሮት ውስጥ ያለውን ነገር ነው፣ በኪኒን መልክና በብዛት። የላቦራቶሪ ተስፋ በሰው ላይ ሲፈተን ሊገለበጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም ኦራክ በሚባለው መለኪያ የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም ደረጃ በድረ ገጹ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሠንጠረዡን አነሳው። የሰጠው ምክንያት ቁጥሮቹ ለሰው ጤና ያላቸው ትርጉም አልተረጋገጠም፣ ኩባንያዎችም ለማስታወቂያ ያላግባብ እየተጠቀሙባቸው ነው የሚል ነበር። ወንድምሽ ሊያደርግ ያሰበው በትክክል ይህንኑ ነው። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን «ደም ግፊትን የሚከላከል» የሚለውን አንብበው ኪኒናቸውን የሚያቆሙ እናት ይኖራሉ። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ይቆይና በአንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በሕግም ቢሆን በሽታ ይከላከላል ብላችሁ ስትጽፉ ሻይ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ነው እያላችሁ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ ከመድኃኒት የሚጠይቀው ማስረጃ ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። ያ በዲፒፒኤች ያስመሰገነው ካቴኮል ብረትንም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ፊኖል የበዛበት ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ሻይ ከምግቡ አርቀው ቢጠጡ ይሻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ጠቀመ ብትዪኝ፣ ለምግብ ነው የምልሽ። አንቲኦክሲዳንትነት በቀጥታ የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ቅባት ውስጥ ነው። ቅቤና ዘይት የሚኮመጥጡት በራዲካል ሰንሰለት ነው። እዚያ አንጀት የለም፤ ጉበት የለም፤ ውህዱ የጨመርሽው ቦታ ላይ እንዳለ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት የጥብስ ቅጠልን ኤክስትራክት ኢ 392 በሚል ቁጥር ለምግብ ማቆያነት የፈቀደው ለዚህ ነው፤ እዚያ ዋናዎቹ ሠራተኞች ካርኖሲክ አሲድና ካርኖሶል ናቸው። እኛም ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ እንጨምራለን። ንጥር ቅቤ የሚቆየው በዋናነት ውሃውና አተላው ስለሚወጣለት ነው፤ የቅመሞቹ ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን መለካት ይቻላል። አንቺም ቀላል ሙከራ ልትሠሪ ትችያለሽ። ምንም ያልገባበት ዘይት፣ ጦስኝ ኤክስትራክት የገባበት ዘይትና ቢኤችቲ (የፋብሪካ አንቲኦክሲዳንት) የገባበት ዘይት 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስቀምጪ። በየጥቂት ቀኑ የመኮምጠጥ ምልክት የሆነውን የፐርኦክሳይድ መጠናቸውን ለኪ። ኤክስትራክቱ ዘይት ውስጥ በደንብ ካልሟሟ ውጤቱ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ያም ራሱ የሚጻፍ ግኝት ነው። ይህን ምዕራፍ ብትጨምሪ ጥናትሽ ከብዙዎቹ ይለያል።

የመደምደሚያ ዓረፍተ ነገርሽን እንዲህ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፦ «ከጣርማ በር የተለቀመው ጦስኝ የሜታኖል ኤክስትራክት በዲፒፒኤች ፈተና ጥሩ ራዲካል የማጥፋት አቅም አሳይቷል፤ ለዚህ አስተዋጽኦ ያላቸው ውህዶች ተለይተው መጠናቸው ሊጠና ይገባል።» የፕሌቱ ሥራ ጥርጣሬዬን ከደገፈው ደግሞ የሮዝማሪኒክ አሲድን ስም እንደ ፍንጭ ታስገቢያለሽ።

ማሸጊያውን በተመለከተ፣ ሻይ መሸጣችሁን እደግፋለሁ። ጦስኝ ሻይ ጣዕሙ ብቻውን ገዢ አለው። ስሙን፣ የተለቀመበትን ቦታና ወር፣ ክብደቱንና አፈላሉን ጻፉ። «ላቦራቶሪ» የሚለው ቃል እንዲገባ ወንድምሽ ከፈለገ የእርጥበት መጠኑን አስለኩና ከሻጋታ ነጻ መሆኑን አስመርምሩ። ለገዢው ጤና የሚጠቅመው ምርመራ እሱ ነው። ለቃሚዎቻችሁንም ከላይ በመቀስ እንዲቆርጡ፣ ከሥሩ እንዳይነቅሉት አደራ በሏቸው። ዋጋውም በዚያው ይታሰብላቸው፤ ቆርጦ መልቀም ከመንቀል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።